አሮጌ ቤት የሚያውቀውን እዘዙ፦ በቪክቶሪያ ዘመን ፐቦችና በነባር የእንግሊዝ ምግብ ቤቶች መብላትና መጠጣት

የቪክቶሪያ ዘመን ፐብ (የእንግሊዝ መጠጥ ቤት) ገብተው፣ ጣሪያውንና መስታወቱን ፎቶ አንስተው፣ በየትኛውም አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝ የጠርሙስ ቢራ ጠጥተው የሚወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ያሳዝናል። እነዚህ ቤቶች ለአንድ ዓይነት አጠጣጥና አበላል ተብለው የተሠሩ ናቸው። ባንኮኒው፣ መከለያው፣ ከእግር በታች ያለው ምድር ቤት ሁሉ ለዚያ ነው የተዘጋጀው። ቤቱ የተሠራለትን ያዘዘ ሰው ደስ ብሎት ይወጣል፤ ሌላ ያዘዘ ግን ለውበቱ ከፍሎ ተራ ነገር ይቀምሳል። ስለዚህ የት መቀመጥ፣ ምን ማዘዝ፣ ጥሩውን ከመጥፎው በምን መለየት እንደሚቻል ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች፤ ዛሬ የምናደንቃቸው የለንደን ፐቦች ግን አብዛኞቹ መልካቸውን ያገኙት በዘመኗ ማብቂያ፣ በተለይ በ1890ዎቹ ነው። ቢራ ጠማቂዎች ፐብ ለመግዛት ይሻሙ ነበር፣ ብድርም እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ባለቤቶቹ ደንበኛ ለመሳብ በማሆጋኒ እንጨት፣ በሴራሚክና በመስታወት ተፎካከሩ። የመንገዱን መስኮት ልብ ብላችሁ እዩት፤ መስታወቱ በአሲድ ተበልቶ የደበዘዘ ነው። ብርሃን ያስገባል፣ የውስጡን ሰው ግን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም። በውስጥ በኩል ደግሞ ግድግዳውን የሞሉት መስታወቶች የጋዝ መብራቱን እያንጸባረቁ ያበዙት ነበር።

የዛሬ ጎብኚ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ክፍፍሉን ነው። አንድ ፐብ በውስጡ ብዙ ክፍል ነበረው። ሠራተኛው በ«ፐብሊክ ባር» ባዶ ወለል ላይ ቆሞ ይጠጣል። የተሻለ ኪስ ያለው በ«ሳሎን ባር» ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ቢራ ትንሽ ጨምሮ ይገዛል። መታየት የማይፈልግ ሰው «ስነግ» የምትባል ጠባብ ክፍል ይገባል። በማሰሮ ገዝቶ ወደ ቤቱ ለሚወስድ ሰው ሳይቀር የራሱ መስኮት ነበረው። ሁሉም ክፍሎች የሚገናኙት መሐል ባለው አንድ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ሁለት ሰው ቤቱን በሙሉ ማስተናገድ ይችል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ መከለያዎች ፈርሰው ቤቶቹ አንድ ሰፊ አዳራሽ ሆነዋል። ያልፈረሰባቸውን ፈልጎ መሄድ ለዚህ ነው የሚያዋጣው።

በለንደን ማይዳ ቬል ሠፈር ያለው ፕሪንስ አልፍሬድ አምስቱን ክፍሎች እንደያዘ ነው። በመከለያዎቹ ሥር ያሉት በሮች ወገብ ድረስ ብቻ ስለሚደርሱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማለፍ አጎንብሶ መሹለክ ግድ ነው። እዚያው ለንደን በሃይ ሆልበርን ያለው ፕሪንሰስ ልዊዝ ውስጡ የ1891 ሥራ ሲሆን፣ ፈርሰው የነበሩት መከለያዎቹ በ2007 በተደረገው እድሳት ተመልሰዋል። የወንዶች መጸዳጃው የእብነበረድ መሽኛ ሳይቀር ከቤቱ ጋር በቅርስነት የተመዘገበ ነው። በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ባለው ክራውን ደግሞ በር ያላቸው አሥር ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ አስተናጋጅ መጥሪያ ደወልና ክብሪት መጫሪያ የብረት ሳህን ተገጥሟል፣ መብራቱም ጋዝ ነው። ቤቱ ከ1978 ጀምሮ የቅርስ ጥበቃ ድርጅቱ የናሽናል ትረስት ንብረት ነው።

ወደ ለንደን ስንመለስ፣ በላምብስ ኮንዱይት ጎዳና ያለው ዘ ላምብ ውስጥ ባንኮኒው ላይ በፊት ቁመት ልክ የተደረደሩ ትንንሽ የመስታወት መዝጊያዎች አሉ። መስታወቱ ደብዛዛ ነው፤ እያንዳንዱ መዝጊያ መሐሉ ላይ በቆመ ዘንግ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጠጪው በጣቱ ገፋ አድርጎ ይከፍትና ያዝዛል፣ መልሶ ይዘጋል፤ ባርማኑ የሚያየው ብርጭቆ የያዘ እጅ ብቻ ነው። ስማቸው «ስኖብ ስክሪን» ነው። አሁንም ይሽከረከራሉ። ቀስ ብላችሁ ብትነኳቸው የሚቆጣ የለም፣ ዘንጉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሠራ ስለሆነ በኃይል አይገፋም።

ሰዓት መምረጥ ከቦታ መምረጥ አይተናነስም። የመሐል ለንደን ፐቦች ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ (እነሱ 5፡30 የሚሉት) ከቢሮ በሚወጣ ሰው ይሞላሉ፤ ሐሙስ የባሰ ነው። በሥራ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ብትሄዱ ስነጉም ባንኮኒውም ለእናንተ ነው። የቢራው መስመርም በምሳ ሰዓት ሲሠራ ስለቆየ ገና ከበርሜሉ የመጣ ቢራ ይዞ ታገኙታላችሁ። የዚህን ምክንያት ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ባንኮኒው ላይ

በፐብ ውስጥ ተቀምጦ አስተናጋጅ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ባንኮኒ ሄዶ ማዘዝ፣ እዚያው መክፈል፣ መጠጡን ራስ ተሸክሞ መመለስ ነው ሥርዓቱ። ሰልፍ አይታይም፣ ወረፋ ግን አለ። ሁሉም ከእሱ በፊት ማን እንደቆመ ያውቃል፣ ደህና ባርማንም ያውቃል። ተራችሁ ሳይደርስ ከተጠየቃችሁ ወደ ቀዳሚው ሰው አመልክቱ፤ ይህችን ትንሽ ጨዋነት ባንኮኒው ያሉት ሁሉ ያዩላችኋል። ገንዘብ ማውለብለብና ማፏጨት ወደ ኋላ ያስቀራል። ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃል።

ከሰው ጋር ከሆናችሁ መጠጥ የሚገዛው በዙር ነው፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጣዩ ይቀጥላል። የሁሉንም ትእዛዝ ይዛችሁ ሂዱና ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ጥቁሩ የአየርላንድ ቢራ ጊነስ ካለበት መጀመሪያ ጥሩት፤ ብርጭቆው ሦስት አራተኛ ያህል ከተሞላ በኋላ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ጠቅላላው ወደ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ባርማኑ በዚያ መሐል ሌላውን ይቀዳል። መጨረሻ ላይ ብታስታውሱት ግን ከኋላችሁ ያለውን ሁሉ ታስቆማላችሁ።

ለመጠጥ ባንኮኒ ላይ ጉርሻ አይተውም። በአገልግሎቱ ደስ ያለው ሰው ሲከፍል «ለአንተም አንድ» ይለዋል፤ ባርማኑ የአንድ መጠጥ ዋጋ ሂሳቡ ላይ ይጨምራል፣ ወይም አመስግኖ ይተወዋል።

መስፈሪያው በሕግ የተወሰነ ነው። ድራፍት ቢራ በፓይንት (568 ሚሊ ሊትር)፣ በግማሽ፣ በሲሶና በሁለት ሦስተኛ ይሸጣል። ጂን፣ ውስኪ፣ ሮምና ቮድካ ቤቱ በመረጠው በ25 ወይም በ35 ሚሊ ሊትር ይለካሉ፤ የትኛው እንደሆነ ተለጥፎ መታየት አለበት። ወይን በብርጭቆ 125 ወይም 175 ሚሊ ሊትር፣ ወይም የእነዚህ ብዜት ነው። ትልቁ ብርጭቆ 250 ነው፤ ዝም ካላችሁ ብዙ ቦታ የሚቀርብላችሁ ትንሹ አይሆንም፣ ስለዚህ መጠኑን ተናገሩ። ቢራው ላይ አረፋው ከበዛ «እባክህ ሙላልኝ» ማለት ነውር የለውም። የኢንዱስትሪው መመሪያ ራሱ ከብርጭቆው ቢያንስ 95 በመቶው ፈሳሽ እንዲሆን ይላል።

ምድር ቤቱ

ፐብ የሚመዘነው በምድር ቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ወርቅ የተቀባ ጣሪያ ሥር የተበላሸ ቢራ ይቀዳል፤ ምንም ጌጥ በሌለው ጥግ ደግሞ የማይረሳ ፓይንት ይገኛል። ለእነዚህ ቤቶች የሚስማማው «ካስክ ኤል» ነው፤ በርሜሉ ውስጥ እርሾው ሕያው ሆኖ መፍላቱን የሚቀጥል፣ ያልተጣራና በጋዝ ግፊት ያልተገፋ ቢራ። ባንኮኒው ላይ ረጅም የእጅ መዘውር ካያችሁ ቢራው በእጅ ጉልበት ከምድር ቤት እየተሳበ ነው። ትንሽዬ ቧንቧ ብቻ ያለው ግን «ኬግ» ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ብዙ ጋዝ ያለው፣ የትም ሄዳችሁ ያው። ካስክን ከመጥፋት ለማዳን በ1971 የተመሠረተው ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር ዛሬም አለ።

በርሜሉ ሲመጣ የተለመደው መጠን ፈርኪን ነው፤ 9 ጋሎን፣ ማለትም 41 ሊትር ገደማ፣ ወይም 72 ፓይንት። በመደርደሪያ ላይ በጎኑ ይጋደማል፣ እንዳይነቃነቅ በሽብልቅ ይያዛል። ላዩ ላይ ያለው ክዳን ተበስቶ አየር የምታሳልፍ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ የታመቀው ጋዝ አረፋ እየገፋ በእሷ በኩል ይወጣል። የምድር ቤቱ ኃላፊ አረፋውን ይጠርግና እንደገና ምን ያህል በፍጥነት እንደሚመለስ ያያል። መመለሱ ሲዘገይ መፍላቱ በርዷል ማለት ነው፤ ለስላሳዋን አውጥቶ አየር የማታሳልፈውን ጠንካራ ውታፍ ይተካል። ከዚያ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሳይነካ ይቆያል። ከዓሣ የአየር ከረጢት የተሠራ ማጥሪያ እርሾውን ሰብስቦ ወደ በርሜሉ ሆድ ያወርደዋል። (ሥጋና ዓሣ የማይበላ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ አንዳንድ ጠማቂዎች ማጥሪያውን ትተውታል።) የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። የእንግሊዝ ቢራ ሞቃት ነው የሚባለው ሐሰት ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ እንጂ በረዶ አይደለም፣ ጣዕሙም የሚከፈተው በዚያ ሙቀት ነው።

ቢራው ሲቀዳ በቦታው አየር ይገባል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ዕድሜው ይቆጠራል። በሦስት ቀን ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ስለዚህ ስምንት ዓይነት ካስክ ደርድሮ ሰው የሌለበት ቤት ያስፈራኛል፤ ሁለት ብቻ ይዞ የሚሸጥ ቤት ያስተማምናል። ምርጫ ሲያቅታችሁ «ዛሬ ብዙ የሚሸጠው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መዘውሩ ላይ ያለው የቢራው ምልክት ፊቱ ወደ ባርማኑ ከዞረ ያ ቢራ አልቋል ወይም ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ቤቱ እንደተከፈተ የሚቀዳው የመጀመሪያ ፓይንት ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረ ነው። ጥንቁቅ ቤት ቀድቶ ይደፋዋል፤ ሁሉም ግን አይደፋውም። ከምሳ በኋላ ሂዱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ብርጭቆው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ ካለ በርሜሉ ተከፍቶ ቆይቷል። የቀለጠ ቅቤ ከሸተተ መፍላቱ በትክክል አላለቀም። እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ የአየር ጉዳት ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከተኛ ጠንካራውን ውታፍ የረሳ ሰው አለ። ደፍርሶ ጎምዘዝ ካለ ወይ አልረጋም፣ ወይ በርሜሉ ተነቅንቋል፣ ወይ ወደ አተላው ደርሷል። ሆን ተብለው ጉሽ ሆነው የሚጠመቁ አዳዲስ ቢራዎችም ስላሉ ደፍርሶ ብታዩት ከመፍረድ በፊት ጠይቁ። በበርተን አፖን ትሬንት በሚጠመቅ ቢራ ላይ የሚሰማው ቀለል ያለ የድኝ ሽታ ደግሞ ጉድለት አይደለም፤ ከአካባቢው የጂፕሰም ውሃ የመጣ ነው፣ ወዲያው ይጠፋል።

ቢራው ከተበላሸ ሁለት ጉንጭ ቀምሳችሁ መልሱት፤ ግማሹን ጠጥቶ መመለስ አያስኬድም። ድምፅ ሳታሰሙ «ይህ የደከመ ይመስለኛል፣ ቅመሰው» ማለት ይበቃል። ደህና ቤት ሳይከራከር ይቀይራል። ሳትገዙ በፊትም ትንሽ መቅመስ ይቻላል፣ ባንኮኒው በሰው ካልተጨናነቀ።

በሰሜን እንግሊዝ በመቅጃው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክዳን ይገጠማል፤ ቢራውን እየረጨ ወፍራም አረፋ ይሠራል። በደቡብ አይወደድም። የሰሜን ቢራ በሰሜን ወግ፣ የደቡቡ በደቡብ ወግ ሲቀዳ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሚበላው

የፐብ ምግብ ጥቂትና ከባድ ነው፤ ሜኑው በረዘመ ቁጥር ማቀዝቀዣው ትልቅ ነው ማለት ነው። ፓይ (በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ሥጋ) ስታዝዙ ሊጡ ከሥሩም ከጎኑም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በሳህን ወጥ ላይ እንደ ቅጠል የተደራረበ ሊጥ የተደፋበት ፓይ አይደለም፤ ሊጡ መረቁን ካልጠጣ ምን ይጣፍጣል?

ስቴክ ኤንድ ኪድኒ ፑዲንግ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ። ሁለት እጅ ዱቄት ለአንድ እጅ የበሬ የኩላሊት ሞራ ተለውሶ ሳህን ይለብሳል። በውስጡ ጥሬ የበሬ ሥጋና ኩላሊት ከመረቅ ጋር ይገባል፣ ይከደናል፣ በእንፋሎት አራት ሰዓት ያህል ይበስላል። ሞራው ቀስ እያለ ሲቀልጥ በሊጡ ውስጥ ክፍተት ይተዋል፤ ልስላሴው ከዚያ ነው። ማይክሮዌቭ የገባ እንደሆነ ጠርዙ ጎማ ይሆናል፣ በሹካ ስትነኩት ይታወቃችኋል። በቪክቶሪያ ዘመን ኦይስተር ይጨመርበት ነበር፤ ዛጎላሙ የባሕር ምግብ ያኔ ርካሽ ነበርና ሥጋውን ያበረክት ነበር።

የእሁድ ጥብስ የሚቀርበው ለምሳ ነው፤ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የበሬው ሥጋ ሊያልቅ ይችላል። ቤቱን በዮርክሻየር ፑዲንጉ ለኩት። በእኩል ስፍር እንቁላል፣ ዱቄትና ወተት ተመትቶ፣ ጭስ በሚያወጣ ትኩስ ስብ ላይ ፈስሶ በ220 ዲግሪ ሙቀት ይጋገራል። ስቡ ካልጋለ ወይም ምድጃው ቀድሞ ከተከፈተ አይነሳም። ተነስቶም መብራት ሥር ከቆየ እንደ ቆዳ ይደርቃል። መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ኮርሸም የሚል መሆን አለበት። ለበሬው የተፈጨ ሆርስራዲሽ (የሚያቃጥል ሥር) እንጂ ኬችአፕ አይጠየቅም።

ቅዳሜ ቀን ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ፕላውማንስ አለ፤ ቼዳር አይብ፣ ዳቦ፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት። ቢተር ከሚባለው መረር ያለ ቢራ ጋር የሚስማማ ነው።

ወደ ምግብ ቤቶቹ እንሂድ። በኮቨንት ጋርደን ሜይደን ሌን ያለው ሩልስ በ1798 በቶማስ ሩል የተከፈተ ሲሆን የታወቀው በአደን ሥጋ ነው፤ ስለዚህ በወቅቱ ሂዱ። ግራውስ የምትባለው የዱር ወፍ የምትታደነው ከኦገስት 12 እስከ ዲሴምበር 10 ብቻ ነው፤ ሌላዋ የአደን ወፍ ፌዛንት ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1። ግራውስ ስትቀርብ መሐሏ ቀይ ነው፣ ከዳቦ ሶስና ከስስ የድንች ጥብስ ጋር። ሙሉ ለሙሉ ትብሰል ካላችሁ ጉበት ጉበት ትላለች። ቀስ ብላችሁ አላምጡ፤ የጥይት ፍንጣሪ ሥጋው ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ጥርስ ይሰብራል።

ስዊቲንግስ የሲቲ፣ ማለትም የለንደን የባንክና የገንዘብ ሠፈር፣ ምግብ ቤት ነው፣ ከ1889 ጀምሮ፣ ለምሳ ብቻ በሥራ ቀናት። ቦታ አይያዝም፤ በጊዜ የደረሰ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ያቀርባል። ዓሣ ነው ሥራቸው። ከዓሣው ጋር ብላክ ቬልቬት በቆርቆሮ ኩባያ ይጠጣል፦ ግማሽ ስታውት (ጥቁር ቢራ)፣ ግማሽ ሻምፓኝ። ኦይስተር ካዘዛችሁ «ኔቲቭ» የሚሉት ዝርያ ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ የሚበላ ሲሆን «ሮክ» የሚባለው ዓመቱን ሙሉ አለ። ዛጎሉ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሊኖር ይገባል። ደርቆ ወይም ሽታው ተለውጦ ከመጣ አትንኩት።

ሌላው ጫፍ በታወር ብሪጅ ጎዳና ያለው ኤም ማንዜ ነው፤ ከ1902 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለ የሠራተኛ ቤት፣ አረንጓዴና ነጭ ሴራሚክ፣ የእብነበረድ ጠረጴዛ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር። የበሬ ሥጋ ፓይ፣ የተፈጨ ድንችና «ሊከር» የሚባል አረንጓዴ የፓርስሊ ሶስ ይቀርባል፤ አልኮል የለበትም። የሚበላው በሹካና በማንኪያ ነው። ፓዩን ገልብጣችሁ ሥሩን ቅደዱና በርበሬ የተዘፈዘፈበት አቼቶ አፍሱበት።

በምግብ ቤቶቹ ሂሳብ ላይ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ይመጣል። በፈቃደኝነት የሚከፈል ስለሆነ አገልግሎቱ ካላስደሰታችሁ እንዲነሳ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሕጉ ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኞች እንዲደርስ ያስገድዳል፣ ስለዚህ እሱ ካለ ሌላ ጉርሻ አያስፈልግም።

ከለንደን ውጭ ለሚሄድ ሰው ሊቨርፑል ሆፕ ጎዳና ያለውን ፊልሃርሞኒክ ዳይኒንግ ሩምስ አስቀድማለሁ፤ በ1898 እና በ1900 መካከል የተሠራ፣ በ2020 ወደ ከፍተኛው የቅርስ ደረጃ የወጣ ቤት ነው። ኤዲንብራ ከሆናችሁ ካፌ ሮያል፣ የፈጠራ ሰዎችን ሥዕል በሴራሚክ የያዘውን ግድግዳ እያያችሁ ኦይስተር እዘዙ። ሊድስ ላይ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የተደበቀው ዋይትሎክስ አለ፤ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ካስክ፣ ተቀምጣችሁ ፓይ። የሌሎቹን ከተሞች ካምራ ባዘጋጀው የታሪካዊ ፐብ ውስጠኛ ክፍሎች መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ የትኛው ቤት መከለያዎቹን፣ የትኛው ባንኮኒውን እንደጠበቀ ዘርዝሮ ይነግራችኋል።